ሦስት የሞረድ ጭረት

በዚያ ሰሞን እህቱ የፈራችው ለማን ነበር? ለራሷ ወይስ ለእሱ? ቁልፍ ሠሪው ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አውጥቶ አውርዶታል፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ የለውም። ለሰው ሁሉ ቁልፍ ይቀርጻል፤ የገዛ እህቱ ግን ቁልፉ እንደጠፋ ሣጥን ናት።

ልብስ ሰፊ ናት። ከከተማው ዳር ባለው የልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ኮሌታ ብቻ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ሁለቱ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ሲገፏት "ይቅርታ" ብላ የምታልፍ፣ አፍ ያላት የማትመስል ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ምሳውን ከፋብሪካው በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ትቋጥርለታለች። ግራኝ ስለሆነች የቋጠሮው ጆሮ እንደ ሌላው ሰው ሳይሆን በተቃራኒው ይወድቃል፤ ለመፍታትም ሁልጊዜ ያስቸግረዋል።

"የቁልፍ ባለሙያ ሆነህ ቋጠሮ ያቅትህ?" ትለዋለች። በቀን ውስጥ የምትቀልደው ይህችኑ ነው።

ሱቁ ሱቅ አይባልም፤ ግድግዳ የተደገፈ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ከጎኑ አንድ ጫማ ጠጋኝ አለ። ወሬ ከማንም ቀድሞ ስለሚሰማ ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይለዋል። አንድ ማክሰኞ፣ ቁልፍ ሠሪው ምሳውን ገና ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ሬዲዮ የተቆለፈ በር ፎቶ የሚታይበትን ስልኩን አፍንጫው ስር ደቀነለት።

"የእህትህ ፋብሪካ ነው። የጓሮውን በር ቆልፈው ነው የሚያሠሯቸው። ባለፈው እሳት ሲነሳ በየት ሊወጡ ነበር? በመርፌ ቀዳዳ?"

"የምን እሳት?"

"አልነገረችህም? ሴቶቹ በሩ ላይ ተደራርበው ሲጮኹ ነበር አሉ። በባልዲ ውሃ ነው የጠፋው።"

እህቱ የነገረችው "ካውያ ተቃጥሎ ትንሽ ጨሰ" ብላ ብቻ ነበር።

ፎቶውን የለጠፈው የፌስቡክ ፔጅ "በሩን ክፈቱ" ይባላል። ከተከፈተ ሁለት ቀኑ ነው፤ ባለቤቱ አይታወቅም። ፎቶው ዐሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ሼር ተደርጓል። ከስሩ ደግሞ ሌላው ሰው የየራሱን የተቆለፈ በር እያነሳ ለጥፏል፤ የዳቦ ቤት ጓሮ፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ የአንድ ክሊኒክ የኋላ መውጫ። ያን ያህል ሰው ተቆልፎበት እንደሚሠራ ማን ያውቅ ነበር።

ቁልፍ ሠሪው ፎቶውን በሁለት ጣቱ ዘርግቶ አጎላው። የብረት በር፣ ሰንሰለት፣ ትልቅ ቢጫ ጓጉንቸር። በጓጉንቸሩ ሆድ ላይ ሦስት የተጋደሙ ጭረቶች ነበሩ። የጠገነውን ጓጉንቸር ሁሉ በሞረድ ሦስት ጊዜ ይጭረዋል፤ ደንበኛ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ብሎ ሲመጣ የእጁን ሥራ እንዲለይ። ይህኛውን ከሁለት ወር በፊት ያመጣው የፋብሪካው ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። "አጥብቀህ ሥራው፣ ሴቶቹ አየር እንቀበል እያሉ አስቸገሩ" ብሎ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ፎቶው ጥግ ሄደ። በጨርቅ የታሰረ የኮሌታ ጥቅል ጫፍ ገብቷል። ቋጠሮው ይታያል፤ ጆሮው በተቃራኒው ወድቋል። ጭኑ ላይ ያለውን ምሳ አየ። እንደገና ስልኩን አየ።

"ምነው፣ ደም ከፊትህ ሸሸ?" አለ ሬዲዮ።

"ረሃብ ነው።"

"ታዲያ ብላ፤ ምሳህ ጭንህ ላይ ነው።"

ምሳውን ሳይፈታ ወደ ቤት ይዞት ተመለሰ።

ረቡዕ ፋብሪካው መግለጫ አወጣ። ፎቶው ከሌላ አገር የተወሰደ የቆየ ፎቶ ነው፤ ፔጁን የከፈተውን ሰው ፈልገን ለሕግ እናቀርባለን ይላል። ነፋሱ ወዲያው ዞረ። ትናንት ያለቀሱት ዛሬ "ውሸታሞች" ብለው ጻፉ። አርብ መጥቼ አያለሁ ብሎ የነበረው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም "በአሉባልታ አንሠራም" ብሎ ቀጠሮውን ሰረዘ። ሬዲዮ ኮሜንቱን እየጮኸ ሲያነብ ቁልፍ ሠሪው ሁለት ቁልፍ አበላሸ። ፔጁ መልስ አልሰጠም። "ማስረጃ የታለ?" የሚለው ከታች ከታች ይጨምራል።

ማታ እህቱ ጠረጴዛው ላይ ስልኳን በፊቱ ደፍታ ከሸሚዙ የወለቀውን ቁልፍ ትተክልለታለች። ጣቷን ሁለቴ ወጋች።

"ያንን ፎቶ አየሽው?" አላት።

"የቱን?"

"የበሩን።"

"ያላየው አለ?"

"ሐሰት ነው ይላሉ።"

"ይበሉ።"

"የሚያውቅ ሰው ወጥቶ ቢናገር…"

መርፌው ቆመ። "የሚያውቅ ሰው ዝም ይበል፣ ወንድም ጋሼ። ወገን ያለው ሰው ዝም ይበል።"

ይህን ስትል ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ ሞረድ ያጠቆረውን አውራ ጣቱን ነበር። ያኔ ገባው። ጭረቶቹን ታውቃቸዋለች። በሩ ስር ሆና ፎቶውን ስታነሳ የማን እጅ እንደቆለፈባት አይታለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ማስረጃ እቤቷ ቁጭ ብሎ እራት ይበላል፤ እሷ ግን እሱን ላለማውጣት ስትል ውሸታም ተብላ ታድራለች። አውቄአለሁ ሊላት አፉን ከፈተና ውሃ ጠጣበት። አልጋዋ ሌሊቱን ሲንቋቋ ሰማ፤ ለሦስተኛ ሌሊት።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ሬዲዮ ፊት ቆመ።

"ቪዲዮ አንሳኝ።"

"ለሚስት ፍለጋ ነው? በመጀመሪያ ተበጠር።"

"አንሳኝ አልኩህ።"

ሬዲዮ ስልኩን አነሳ። ቁልፍ ሠሪው ገና ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸውን ሁለት ጓጉንቸሮች ገልብጦ ጭረቶቹን አሳየ፤ ከዚያ ፎቶውን።

"መንገዱ ጥግ ያለሁት ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ይህን ጓጉንቸር የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ጭረቱ የእኔ ሞረድ ነው። ያመጣው የፋብሪካው ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። አጥብቀው አለኝ፣ አጠበቅኩት። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ፎቶው እውነት ነው።"

ሬዲዮ ቀልዱን ረሳ። "ይሄ ከወጣ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም። እህትህስ?"

"እህቴ ምንም አታውቅም።"

"እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት" አለ ሬዲዮ፣ ዓይኑን ወደ ጫማው መልሶ። "ለፔጁ ልላከው?"

"ላከው።"

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ የቤቷን ጓጉንቸር ገልብጣ ፎቶ አንስታ ለጠፈች፤ ሦስት ጭረት። ቀጥሎ ፋርማሲው፣ ቀጥሎ እንጨት ነጋዴው። በሰፈሩ ያሉ በሮች ሁሉ መሰከሩለት። እሱ ግን ደስታ አልተሰማውም። እህቱ ጋ ሰባት ጊዜ ደወለ፤ አታነሳም። "ገና ይደበድቧታል" ይላል ልቡ፤ "አሁን ከሥራ እያባረሯት ነው" ይላል። የአንዲት ሴትዮ የሣጥን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ቀርጾ ሦስቴ ሳተ።

ስምንት ሰዓት ሲል በመንገዱ ማዶ አያት። በስምንት ዓመት ውስጥ በፈረቃዋ መሀል ከፋብሪካው ወጥታ አታውቅም። ተሻግራ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ማን ተናገር አለህ?"

"ጓጉንቸሩ የኔ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ።"

"ምን አደረጉሽ?"

"የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰዎች መጡ። ሰንሰለቱን በመቁረጫ ቆረጡት፤ በሩ ተከፈተ።" ድምፅዋ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስላል። "ከዚያ አለቆቹ ሂዱና ነገ ኑ አሉን። የስም ዝርዝር ይዘው ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስሜ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ 'የቁልፍ ሠሪው እህት' አለ።"

"ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ። ነገ ያስገቡኝ አያስገቡኝ አላውቅም።" ወደ ሱቁ ጠጋ ብላ፣ "አንተ ግን ፎቶውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?"

ያን ቀን ጠዋት የቋጠረችለትን፣ ገና ያልፈታውን ምሳ ከመቀመጫው ስር አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ቋጠሮውን አየች፤ የገዛ እጇን እንደማታውቅ ሰው አገላብጣ አየችው።

"ይሄንንም ነው ያነሳሁት?"

"ጥግ ላይ። ሌላ ሰው አያየውም።"

"እማዬ ግራ እጄን ስትመታ እሺ ብል ኖሮ" አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች።

የደንበኞች መቀመጫ በሆነችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጠች፤ ምሳውን እንደታቀፈች። እሱ ሌላ መላ ስላጣ የሴትዮዋን ቁልፍ ለአራተኛ ጊዜ ያዘ። ሞረዱ ሲጮህ ዓይኗን ከደነች። ሬዲዮ መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ከዚያ ቁልፍ ሠሪውን ክንዱን ነካው። ሞረዱ ዝም አለ። እህቱ እንቅልፍ ወስዷት ራሷን ወደ ግራ ጥላ ትተነፍሳለች። ቁልፍ ሠሪው ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት ገና ኮሌታ ትሰፋ ነበር።