ሚዳቋዋ የለመደችው መንገድ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቡልቡላ ላይ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ያስተኛውና ከከተማው በታች ያለው የግራር ጫካ አብቦ ማር ማር ይሸት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይሮጣል። እኔም እስከ ትልቁ ግራር ተከትዬው ሲያቅተኝ ቁጭ ብዬ፣ ቢጫ ወፎች ጎጇቸውን ሲጎነጉኑ እያየሁ እስኪመለስ እጠብቀዋለሁ። ቤት ስንደርስ ከጓሮ የዘራውን ዱባ በስንዝር እየለካ ምን ያህል እንዳደገ ያሳየኛል። ከዚያ ቆጥ ላይ ወጥቶ ተደብቆ ይውላል። ያኔ ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ዘመን ነበርና ቀን መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ምሽት ላይ አያታችን አባባ ገመቹ ከምድጃው ፍም አጠገብ ተቀምጠው፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ የሚዳቋዋን ተረት ይነግሩናል። ሚዳቋዋ ነብርን በእግሯ ታመልጣለች፤ አዳኙ ግን አይሮጥም፤ የምታልፍበትን መንገድ ስለሚያውቅ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ይጠብቃታል።

«መንገዷን ማን ነገረው አባባ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የምትወዳት ወፍ ናት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሩጫዋን ስታወድስ መንገዷንም አብራ ዘመረችው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ታደሰ ዞረው «አንተም መንገድህን ቀያይር» አሉት። እሱ ሳቀ፤ እኔም በወፏ ሞኝነት ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቦኖ ላይ ውኃ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለ፣ ሰፈራችንን የሚጠብቀው የቀበሌ ዘበኛ «ወንድምሽ ሩጫውን ተወው አሉ፤ ሰነፈ?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የሰነፈው? በየማለዳው ከትልቁ ግራር እስከ ወንዙ ነው የሚሮጠው። ሚዳቋም አትቀድመው» አልኩት።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ታደሰን ከመሀል አድርገው በግራሩ ሥር፣ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል አለፉ። «ዱባውን ውኃ እንዳታስጠሚው» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው ነበር ያየኝ። አለማወቁ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አልተመለሰም። ዱባው አፈራ፤ እናቴ እያለቀሰች ቀቀለችው፣ እኔም በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ለዚያም ራሴን ይቅር አላልኩም። አባባ ያንን ተረት ዳግመኛ ሳያወሩ፣ እኔም ያደረግሁትን ሳልነግራቸው ሞቱ።

አሁን ተረቱን ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ። «መንገዷን ማን ነገረው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ማንም አልነገረው፤ ዱካዋን አይቶ ነው» እላታለሁ።