አክስቴ ከመዳፋቸው የሚቀምሱት ጠላ

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠላ ጠምቀው ይሸጡ ነበር። ለባላምባራስም ለተሸካሚም ሲቀዱ፣ አስቀድመው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱና «እኔን ካልገደለኝ እናንተንም አይገድላችሁ፤ ጠጡ!» ብለው ይስቁ ነበር።

ድንገት ባረፉ በሣልስታቸው፣ ለለቀስተኛው እሳቸው ጠምቀው ሳይከፍቱት የቀሩት ጋን ተከፈተ። ልቀዳ ስነሳ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህን ቀምሰውት ነበር?» አሉኝ።

አልቀመሱትም ብዬ ለመናገር ፈራሁ፤ ቀምሰውት ነበር ብዬ ለመዋሸትም ፈራሁ። ሰው ፊት መቆም የማልችለው እኔ፣ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ጌሾው መረር አለኝ፣ የወይራው ጢስ ሸተተኝ፤ የእሳቸው እጅ ነበር።

«ጠጡ» አልኩ። ዋንጫ ሁሉ ተዘረጋልኝ።

ዛሬም ቀምሼ እቀዳለሁ። ቀልዳቸውን ግን እስካሁን አልደፈርኩትም።