ውኃው የት ሄደ?

አክስቴ ጌጤ ፈሪ ናት። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ፈሪዋ ጌጤ» እያለ ነው የሚጠራት። እሷ ግን እንደ ሌላው ሰው ጅብ ወይም ጨለማ አትፈራም። የምትፈራው መሬት ነው፤ ቤቷ የተሠራበትን፣ ቆማ የምትሄድበትን መሬት።

ተወልዳ ያደገችው ደነባ ነው። ደነባ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ድንጋይ ተፈልጎ የማይገኝበት አገር። ከዚያ ተድራ የመጣችው ወደ አንኮበር፣ ከጫካው ግርጌ ወዳለው ወደ ጋሼ ወልደኪዳን ቤት ነው። ሴትን ከእንዲህ ያለ ሜዳ አንሥቶ እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ የሚያስቀምጣትን ነገር ሰው ትዳር ይለዋል። እኔ ስሙን አላውቅለትም።

የእኛ ተዳፋት አፈር ላይ ላዩን ሲያዩት ያታልላል። ከጽዱና ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር የሚረግፈውን ቅጠል ብርዱ ቶሎ ስለማያበሰብሰው ዓመት በዓመት ይደራረባል፤ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። እጅ ሲሰዱበት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነው። ክንድ ያህል ሳይቆፈር ግን አፈሩ ያልቅና ድንጋዩ ይጀምራል። እሱም አንድ ወጥ አለት አይደለም። ጠርዙ የሚቆርጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተከመረ፣ በመካከሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያለበት ስብርባሪ ነው። የማስተምረው ጂኦግራፊ ስለሆነ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ በጥንት ዘመን ብርዱ ከዛሬው እጅግ የከፋ ነበር፣ የአገራችን አንዳንድ ትልልቅ ተራሮች አናታቸው በረዶ ለብሶ ነበር፣ በአለት ስንጥቅ የገባ ውኃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ አለቱን ይፈልጠዋል፣ ስባሪውም ቁልቁል እየወረደ ይከመራል እላቸዋለሁ። የእኛ ተራራ በረዶ ይልበስ ወይም ብርዱ ብቻ ይሰባብረው እርግጠኛ አይደለሁም። ብርዱ ግን ዛሬም ሥራውን አልተወም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጠዋት አፈሩ ውስጥ መርፌ የመሰለ በረዶ ይቆምና ጠጠሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። አምና ድንጋዩ ተለቅሞ የጸዳ ማሳ ዘንድሮም ድንጋይ ይዞ ይጠብቃል።

ዝናብ ሲዘንብ ውኃው እዚህ አፈር ላይ አይቆምም። በድንጋዮቹ መካከል ይወርድና ከሥር ከሥር ይሄዳል። ክረምት ላይ መደብ ላይ ጋደም ያለ ሰው ከወለሉ በታች ሲንሾካሾክ ይሰማዋል። አክስቴ በሙሽርነቷ ይህን ሰምታ ከአልጋ ዘልላ ወርዳ፣ «ከታች ሰው ይሄዳል!» አለች። ጋሼ ወልደኪዳን እንባው እስኪመጣ ሳቀና በማግስቱ ለሰፈሩ አወራው። ፈሪዋ ጌጤ የተባለችው ያን ጊዜ ነው። ፍርሃቱ ከዚያ በኋላም አልለቀቃትም፤ አብራው መኖር ብቻ ለመደች። «እየሄደ እስከሰማሁት ድረስ ይሁን፤ የቆመ ዕለት ነው ጉዱ» ትለኝ ነበር።

ጋሼ ወልደኪዳን ካብ ካቢ ነው። ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር የእሱን ካብ የማያውቅ የለም፤ ካላወቀም ራሱ ይነግረዋል። ከቤቱ ጀርባ ተዳፋቱን ቆርጦ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ካብ ሠርቶ ነበር፤ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ክረምት ሲገባ ውኃው በየቀዳዳው እንደ ላብ ይወጣና በቦዩ ይወርዳል። ስለዚህ የቤቱ ጓሮ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት የነሐሴ ተክለሃይማኖት የማኅበር ተራ ለእነሱ ደረሰ። ጋሼ ዳሱን ጓሮ፣ ከካቡ አስጠግቶ ሊጥለው አሰበ፤ ቦታው ከነፋስ የተከለለ ነው። ማኅበርተኛ ጭቃ ላይ እንዳይቀመጥ ደግሞ በግንቦት ከደብረ ብርሃን ሲሚንቶ አስመጣና ካቡን ከእግሩ እስከ አናቱ ለሰነው። አንድ ቀዳዳ አላስቀረም። አማረ፤ ምን ይዋሻል፣ የከተማ ግንብ መሰለ። ጋሼ ሲመሽ ሲመሽ በርጩማ አውጥቶ ፊት ለፊቱ እየተቀመጠ ያየው ነበር።

ክረምቱ በረታ። ካቡ ደረቅ ነው።

«አየሽ ጌጤ? ጠብ አይልም!»

«ውኃው የት ሄደ?» አለችው።

«የትም ይሂድ፤ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ለድግሱ ላግዛት ስመጣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። «ሰርካለም፣ እስቲ ጆሮሽን ከወለሉ ላይ አድርጊው» አለችኝ። ተንበርክኬ አዳመጥሁ። ምንም የለም። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል፣ ከሥር ጸጥ ብሏል። በልጅነቴ እዚሁ እነሱ ዘንድ በዚያ ድምፅ ላይ ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝና ደንግጬ ብድግ አልሁ። የጓሮው በርም መቃኑ ጠምሞ አልገጥም ብሎ ነበር። ከካቡ በላይ ወጣን። ያ እንደ ፍራሽ የሚሰምጠው የቅጠል ምንጣፍ ተቀድዶ፣ በቅዳዱ ውስጥ የትልቁ ጽድ ሥሮች እንደ በገና ጅማት ተወጥረው ይታያሉ። ጽዱ ወደ ቤቱ ዘንበል ብሏል።

ጋሼን ጠርታ አሳየችው። «ዛፍ ነው፤ ያረጃል» አለ።

«በተክለሃይማኖት ይሁንብህ፣ ዳሱን ወደ ቤቱ ፊት ለፊት እናዙረው።»

«ማኅበርተኛ ነፋስ ላይ ላስቀምጥልሽ? ሁለተኛ ስለ ካቤ አንድ ቃል እንዳልሰማ!» ብሎ ጮኸባት። አክስቴ ወደ ማጀት ተመለሰች። ሦስት ሰው የሚሠራውን ድግስ ወደ ካቡ ደጋግማ እያየች ሠራችው።

የማኅበሩ ዕለት ቀትር ላይ ሰዎቹ ጀርባቸውን ለካቡ ሰጥተው ዳሱን ሞሉት። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆርሶ ነበር። ጠላ ስቀዳ ከሲሚንቶው ላይ ቀጭን መስመር አየሁ፤ ጠዋት አልነበረም። ከመስመሩ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ሾልኮ በአንድ ሽማግሌ ጋቢ ላይ ወረደ። ሽማግሌው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው አራገፉት። ቀና ስል አክስቴም አይታዋለች።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ብትጮኽ «ፈሪዋ ጌጤ» ብለው ይስቁባት ነበር፣ እሷም ታውቀዋለች። በሰዎቹ መካከል አልፋ፣ በነጠላ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ጽዋ ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ አቀፈችውና ወጣች።

ጽዋ የሚነሣው ማኅበሩ ሲያልቅ ነው፤ ተረኛው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲወስደው ማኅበርተኛው በሙሉ ተነሥቶ ይሸኘዋል። ጽዋ ወጥቶ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ማኅበርተኛ አይታወቅም። የሚቀጥለው ተረኛ ደግሞ ወልደተንሣኤ ነው፤ ቤቱ ከጅረቱ ማዶ፣ ወጥ አለት ላይ ነው። አክስቴ በዝናቡ ውስጥ ወደዚያ አመራች።

«ኧረ ምን ነካሽ ልጄ!» አሉ ቄሱ፤ ግን ተነሡ። ሁሉም ተነሣ። ገሚሱ እየተሳደበ፣ ገሚሱ እያማተበ ከኋላዋ ተከተለ።

ጋሼ ወልደኪዳን ብቻ ቀረ። «አዋረድሽኝ! እኔ ከካቤ ሥር ንቅንቅ አልልም!» ሲል ድምፁ ጅረቱ ዳር ድረስ ተሰማ።

አክስቴ ጽዋውን ለወልደተንሣኤ አስረከበችውና ዞር ብላ አየች። ክንዷን ያዝኋት።

«እቴቴ፣ እባክሽ አትሂጂ።»

«ብቻውን ነው» አለችና እጄን አስለቅቃ ተመለሰች።

እስከ አጥሩ ተከተልኋት። ከዚያ ወዲያ አላለፍሁም። ዳሱ ውስጥ ገብታ ከጎኑ ስትቀመጥ፣ ጀርባዋንም ካቡ ላይ ስታስደግፍ አየኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ተዳፋት ዞር ብላ ሳታይ በጓሮ አልፋ የማታውቅ ሴት ናት።

«ካልተነሣህ እኔም አልነሣም» አለችው።

«ተነሺ!»

«አልነሣም።»

ጋሼ ዞሮ አያት፤ ቀና ብሎም ከራሷ በላይ ያለውን ስንጥቅ አየ። «ጌጤ፣ ተነሺ እኮ ነው የምልሽ» አለ እንደገና፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ከካቡ ውስጥ ጣት ሲንቋቋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ጋሼ በብብቷ ሥር ይዞ አንሥቷት ሮጠ።

እኔ ጋ ሲደርሱ ካቡ እንደ ሆድ ተነፋ። መጀመሪያ የወጣው ውኃው ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ የጠፋው ውኃ፣ ቡናማ ሆኖ። ከኋላው ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ጋር ጥቁሩ አፈር ከነቅጠል ምንጣፉ መጣ። ትልቁ ጽድ ጥቂት እንደቆመ ሄዶ ዳሱ ላይ ተኛ። የቤቱ ጓሮ ጎን አብሮ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ጎልቶ የቀረው የእርጥብ አፈር ቀዝቃዛ ሽታ ነው፤ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይሸተኛል፣ እፈራለሁም።

ጋሼ ወደ ክምሩ ዞረ። «ከኋላው ነበር» አለ። «ለካ ውኃው ከኋላው ነበር።» አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ የረጠበ ራሱን ጠረገችለት።

አሁን ደነባ ናቸው፤ ወንድሟ መሬት ቆርሶ ሰጥቷቸው። ጋሼ ወልደኪዳን እዚያ የሚክበው ድንጋይ የለውም። ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ጀመረ። አክስቴና እኔ ገባን፤ እሱ ግን ወለሉን እያየ ደጃፉ ላይ እየረጠበ ቆመ።

«ጌጤ፣ ውኃው አለ?» አላት።

በደነባ መሬት ከሥር የሚሄድ ውኃ አይሰማም። ሲዘንብ ጥቁሩ አፈር ላይ ይተኛል እንጂ፤ በበሩ በኩል ይታየኝ ነበር። አክስቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች፣ ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ከወለሉ ላይ አድርጋ ደህና አድርጋ አዳመጠች።

«አለ» አለችው። «እየሄደ ነው። ግባ።»

ገባ።