«ክረምትም ይሠራል» ያልኩት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ፆም በገባ ቁጥር እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝራለሁ፤ ይህችን ግን እዘላታለሁ። ዛሬ እርስዎ፣ አንባቢዬ፣ ይስሙኝ። ፊቴን ስለማያዩት ይቀለኝ ይሆናል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ አንቴና መንደፍና ማስተማር ነው። ከአምበር ከተማ ወረድ ብሎ ገደል የከለላት አንዲት ጎጥ አለች። የኔትወርክ ታወሩ ከገደሉ ማዶ ስለሆነ ስልክ አይሠራባትም ነበር። እኔ ሜታሰርፌስ የሚባለውን ነደፍኩላት። ከጥፍር ያነሱ የመዳብ ቁራጮች ጥቅጥቅ ብለው የታተሙበት ሰሌዳ ነው፤ ከታወሩ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ይመልሰዋል። መብራት እንኳ አይፈልግም። በመጋቢት አፋፉ ላይ ስተክለው ከታች ስልኮች መጮህ ጀመሩ፤ ሰው እልል አለ። እኔም ኮራሁ።

የማውቀውን ግን አልነገርኳቸውም። ቤተ ሙከራ ሳለሁ ሰሌዳው ላይ ውኃ አርከፍክፌ ሞክሬው ነበር። መዳቦቹ ሲረጥቡ ሰሌዳው ቅኝቱን ይስታል፤ ሞገዱም ሸለቆው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ሜዳ ላይ ይበተናል። መፍትሔው ሽፋን ማልበስ ነበር። ሽፋን ከለበሰ ደግሞ የእያንዳንዱ ቁራጭ ልክ እንደገና መሰላት አለበት፤ ወራት ይፈጃል። ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ደርሶብኝ ስለነበር የእርጥቡን ልኬት ከሪፖርቱ አወጣሁት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ሰሌዳውን በተከልኩበት ዕለት አያ ሞላ የሚባል የጎጡ ገበሬ ጠጋ አለኝና፣ «መምህር፣ ክረምትስ? ዝናብ አይበግረውም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ክረምትም ይሠራል» አልኩት። ዋሸሁት።

እንዲያው ለወሬ አልነበረም የጠየቀኝ። ሚስቱ የሻረግ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ የሚገባው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። በዚያች ጎጥ ክረምት የምትወልድ ሴት ቀኗ ሳይደርስ ዳገቱን ወጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ትሰነብታለች። ከባድ ነገር ነው፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ ለማን ይተዋሉ? ስልክ ከገባ ግን ምጥ ሲጀምር ደውሎ አምቡላንስ አፋፉ ድረስ ማስመጣት ይቻላል። አያ ሞላ ቃሌን አምኖ ሚስቱን ቤት አስቀራት።

ምጡ የመጣው የዓመቱ የመጀመሪያ ዶፍ በረዶ ቀላቅሎ በሚወርድበት ከሰዓት ነው። ደወለ። ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባለትም። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን ሲወጡ እሱ ቀድሞ ሮጦ አፋፉ ላይ ኔትወርክ አገኘ። አምቡላንሱ ሲደርስ የሻረግ ደሟ ፈስሶ አልቆ ሞታ ነበር። ሕፃኑም አልተረፈም።

ለቅሶ ሄድኩ። የባሰውን ያደረግሁት እዚያ ነው። አያ ሞላ ከድንኳኑ ጥግ ወስዶኝ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«መምህር፣ እስቲ አደዋወሉን ያሳዩኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሌላ ነገር ነክቼ ይሆናል እኮ። እኔ ባልማር ነው የገደልኋት።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ስልኩን ተቀብዬ አሳየሁት። ይህን እንዲህ ትጫናለህ፣ ከዚያ አረንጓዴዋን ትነካለህ አልኩት። በእኔ ውሸት ሚስቱን የቀበረ ሰው ፊት ቆሜ ስልክ አደዋወል አስተማርኩ! እሱም አጎንብሶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልዋጠችኝም፤ ንፍሮ ቀምሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ክረምቱ እንዳለፈ ሽፋኑን ሠራሁ። ሰሌዳው አሁን ዶፍ ሲወርድበትም ይሠራል፤ ጎጡም ይመርቀኛል። ለካ ይቻል ነበር! እኔ ግን ሰው እስኪሞት ጠበቅሁ።

ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ቸኩዬ ነው፣ ወጣት ነበርኩ፣ ቀኗም ደርሶ ይሆናል አልልም። ሦስት ክረምት አለፈ። አያ ሞላ እስከ ዛሬ ስልክ አይደውልም፣ አያነሣምም። ሲጮህ አጠገቡ ላለ ሰው ያቀብለዋል። ባለፈው አምበር ገበያ አብረን ቆመን ሳለ ስልኩ ጮኸና ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እርስዎ ያንሡልኝ መምህር፣ የእኔ እጅ አይሆንም» አለኝ።

ተቀብዬ አነሣሁለት።