የራሁ ሰዓት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን፣ አንድ ህንዳዊ ልብስ ሰፊ ከጓሯችን ባለችው ጎጆ ይኖሩ ነበር። አያ ሞቲ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ የነበራቸው ሱቅ ሲዘጋባቸው ነው አሉ ወደ እኛ የመጡት። ያኔ መሸት ሲል የካውያቸውን ፍም ገል ላይ ገልብጠው እንድሞቀው ይሰጡኝና፣ ኩራዙን ጠጋ አድርገው፣ ጠርዙ የተበላ የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ በተሰባበረ አማርኛ ተረት ይነግሩኝ ነበር።

በእሳቸው አገር ጨረቃ ወንድ ነው። ሃያ ሰባት እህትማማቾች አግብቶ በየቀኑ አንዷ ቤት ያድራል፤ አንዷን አብልጦ ስለወደደ አባታቸው ረገመውና እየከሳ እየወፈረ ይኖራል። ወራቸውን የሚቆጥሩትም በእሱ ክሳትና ውፍረት ነው። አባቴ ይህን ሰምቶ «አያ ሞቲ፣ እኔ አንዷን አልቻልኩም፤ እሱ ሃያ ሰባቱን እንዴት ቻለ?» ይላቸዋል። እናቴ ባዕድ ተረት እንዳይጋባብኝ ታማትብና «አንተማ በአንዷም ከስተሃል» ትለዋለች።

እኔን የያዘኝ ግን የራሁ ተረት ነበር። ራሁ የማይሞቱበትን መጠጥ ሰርቆ ሲጠጣ ፀሐይና ጨረቃ አሳበቁበት፤ አንገቱ ተቆረጠ። መጠጡ ጉሮሮው ደርሶ ስለነበር ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሞት ቀረ። ፀሐይን ሲያገኛት ይውጣታል፤ እሷም በተቆረጠው አንገቱ ተመልሳ ትወጣለች። ቀኑ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ስምንት ቦታ ይከፈላል፤ ከስምንቱ አንዱ የራሁ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንገድ የጀመረ አይመለስም አሉኝ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ነው። እሳቸው ራሳቸው በዚያ ሰዓት ጨርቅ አይቆርጡም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ እያለከለከ መጣ። አባቴ ለአርበኞች ጥይት ያቀብል ኖሮ ስሙን ለጣሊያን ሰጥተውታል። ቶሎ ካልወጣ ይይዙታል። አባቴ በቅሎውን መለጎም ሲጀምር ጥላዬን በእግሬ ለካሁ፤ ያኔ ሰዓት የምናውቀው እንደዚያ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆኗል። ልነግረው ፈለግኩ፤ ነገር ግን በአባቴ ፊት ድምፄ አይወጣም ነበር። ሳይስመኝ ከቤት እንደማይወጣ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ሄጄ ባዶው ጎተራ ውስጥ ተደበቅኩ።

«ስንዱ፣ ስንዱዬ፣ የት ነሽ?» ይላል። ወደ ወንዙ ወርዶ ሲመለስ፣ ደግሞ ወርዶ ሲመለስ ኮቴው ይሰማኛል። አጎቴ ተወው፣ ሂድ እያለ ይለምነዋል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ በጭቃው ስንጥቅ የምትገባዋን ብርሃን እያየሁ፣ ትንሽ ነው የቀረው እያልኩ ጠበቅኩ። ከዚያ የብዙ ሰው ኮቴ መጣ፤ የማላውቀው ቋንቋም ሰማሁ።

ስወጣ የራሁ ሰዓት አልፏል። እናቴ ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጣለች። አባቴን አስረው ወስደውታል። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ መቃብሩንም አላየንም።

ለአያ ሞቲ ብቻ ነገርኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ጥፋት የእኔ ነው፣ ልጄ። እኔ ሽማግሌው አፌን መያዝ ነበረብኝ» አሉኝ። ዳግመኛ ተረት ነግረውኝ አያውቁም፤ ጣሊያን ሳይወጣም ከአገራችን ሄዱ።

አሁን ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ፀሐይ የምትጨልመው ጨረቃ ስትከልላት መሆኑን ተምሬአለሁ። ራሁ የሚባል እንደሌለ ማወቄ ግን ምንም አላቀለለልኝም፤ እንዲያውም ያን ጠዋት አባቴን ያቆየሁት በከንቱ እንደነበረ ነው የነገረኝ። እናቴ ስለ እሱ ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጁን ሳይስም አልሄድም ብሎ ነው የተያዘው» ትላለች። ይህን የምትለው ፍቅሩን ለመንገር ነው፤ እያለችም ራሴን ትዳብሰኛለች። ያን ቀን የት ነበርሽ ብላ ግን አንድም ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም።