ሁለት ቤት በአንድ ጓዳ

ልጅ እያለሁ ችግር ቤታችን መግባቱን ያወቅሁት በምግቡ አይደለም፤ በአባቴ ነው። አባቴ ቀን ቀን ቤት ውስጥ መታየት ጀመረ። ከዚያ በፊት እሱን የማውቀው አመሻሽ ላይ፣ የማሽን ዘይት የሚሸት ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ በሩን ሲከፍት ነበር። የጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ስለነበር ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ብናኝ ጥጥ ይዞ ይመጣል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንዱአለም ጉልበቱ ላይ ወጥተን እንለቅምለታለን። አንድ ቀን ጥጥ አለቀ ተባለና ፋብሪካው ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ “እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ሁኑ” ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቴ ቅንድብ ላይ የሚለቀም ነገር ጠፋ።

ሥራ የለመደ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። አባቴ በመጀመሪያው ሰሞን የበሩን ቁልፍ ፈታትቶ ሠራው፤ ደህና የነበረውን። ቀጥሎ ቡታጋዙን ፈታታው። አልጋውን ሊፈታ መፍቻ ይዞ ሲያንዣብብ እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ “ኧረ በማርያም ተሻገር! የተሠራውን አታፍርስብን!” ስትለው ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። በዚያ ክረምት አባቴ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ይመስለኛል።

እናቴ ችግርን የምትይዘው እንደ ክፉ እንግዳ ነበር፤ ሳታስከፋው፣ ግን ቤቱን ሳትለቅለት። ስኳር ቀረ፤ ሻዩ በጤና አዳም መዓዛ ብቻ ይጠጣ ጀመር። የአባቴ ሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ፈትታ፣ ገልብጣ መልሳ ሰፋችው፤ ካልነገሩህ አዲስ ነው የሚመስለው። የሰርጋቸው ቡፌ ተሽጦ ወጣ፤ የቆመበት ግድግዳ ላይ ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ፤ እናቴ ወዲያው የቀን መቁጠሪያ ሰቀለችበት። ሽሮው ደግሞ በየሳምንቱ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ከሥሩ የሳህኑን አበባ ማየት ጀመርን። “ጎመን በጤና” ትላለች እናቴ። አንዱአለም ግን ገና ሕፃን ነውና፣ “ጎመኑስ የታለ?” ይላታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና፣ “ዛሬ ጾም ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይበላም” አለችን። እኔ ረቡዕና አርብን አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ግን ግራ ገባኝ። ከአጥራችን ማዶ እትየ ላቀች የምትባል መበለት ከልጇ ከትርንጎና ከሽማግሌ አባቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷን አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጣና ሐይቅ ደሴት ገዳማት ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሊቅ ናቸው። የጾምና የበዓል ነገር ሲያከራክር ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እኔም ሮጬ ሄድሁ። ማንጎው ሥር ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“የኔታ፣ ዛሬ የማን ጾም ነው?”

“ማን ጾም ነው አለሽ?”

“እማዬ።”

ዝናብ ያዘለው የጣና ነፋስ ማንጎውን ያንሾካሽከው ነበር። ጣታቸውን እየቆጠሩ የሚያስቡ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ግን ቀን እየቆጠሩ አልነበረም። “እውነቷን ነው፤ ጾም ነው” አሉ በመጨረሻ። “የእናትሽ ጾም ነው። መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም እንጂ እጅግ የከበደ ጾም ነው። ልጆችን ግን አይመለከትም።” ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ላቀች! ለእመቤት ቁርስ አቅርቢላት፤ ለወንድሟም ጠቅልይላት” አሉ። የዳጉሳ እንጀራ በተልባ ነበር የቀረበልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግብር በልቻለሁ፤ የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ግን የለም።

ሳይውል ሳያድር የአባቴ ታላቅ እህት እትየ ገበያነሽ ከዱርቤቴ መጡ። አንድ ኬሻ ድንችና የበቆሎ እሸት ከአውቶቡስ አስወርደው፣ በጭቃ የተለወሰ ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ገቡ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት። ቡፌው የነበረበት ቦታ ላይ ዓይናቸው ትንሽ ቆየ። “አንድ አፍ ቢቀንስላችሁ ይሻላል” አሉ ቀስ ብለው። “እመቤትን ስጡኝ። እዚያ ወተት አለ፤ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው። ነገሩ ሲስተካከል ትመጣለች።” ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ከልባቸው ነው። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ድንቹን መላጥ ጀመረች፤ ቢላዋው ሲፋቅ ብቻ ይሰማ ነበር። እምቢ ያለ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ልብሶቼ በአንድ ፌስታል ተቋጠሩ። እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ከወትሮው አጥብቃ ጎነጎነችው፤ ቶሎ እንዳይፈታ ነው አለች፤ እዚያ ማን እንደሚሠራኝ ስለማታውቅ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ። ውጭ ሎተሪ የሚሸጡ፣ ቆሎ የሚሸጡ፣ የሚጯጯኹ ረዳቶች፤ በመካከላቸው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እኔ አላለቀስሁም። ብታለቅሺ አባትሽ ያፍራል ብላኝ ነበርና ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁት። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ መስታወቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እናቴም ከዚያው ከቆመችበት ጠፋች። ሄደች ብዬ ደነገጥሁ። ወዲያው ግን በአውቶቡሱ በር በኩል ሰው እየገፋች ስትመጣ አየኋት። ፌስታሉን ከጉልበቴ ላይ አነሳች፤ እጄን ያዘችኝ።

“እትየ፣ እህሉን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ” አለች ለአክስቴ። “ልጅቱን ግን መስጠት አልችልም።”

“ምነው ይታይሽ? ለእናንተው ብዬ እንጂ!”

“አውቃለሁ እትየ። አይቀየሙኝ።”

አክስቴ ግን ተቀየሙ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እናቴና እኔ በጭቃው መንገድ ተመለስን። የያዘችውን እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ሠፈር ስንደርስ ወደ ቤታችን አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ እትየ ላቀች ጓዳ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች በር ዘግተው ቆዩ። እኔና ትርንጎ ማንጎው ሥር ሆነን ስንጠብቅ አንዴ ልቅሶ ሰማን፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቅ።

ያን ዕለት ራት ላይ እናቴ ሐሳቧን ለአባቴ ነገረችው። እኛ ወደ እትየ ላቀች ቤት እንገባለን፤ የእኛ ቤት ለደመወዝተኛ ይከራያል፤ ማጀቱ አንድ፣ ድስቱ አንድ ይሆናል። የእትየ ላቀችም ቤት ከባሏ ሞት ወዲህ ማገሩ እየወለቀ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወንድ ይፈልግ ነበር። አባቴ ጉርሻውን አስቀመጠ።

“እኔ ጭቃውን በእግሬ ረግጬ በሠራሁት ቤት ሌላ ሰው ሊተኛበት? እኔ ደግሞ በሰው ቤት ጥገኛ ልሆን?”

“ተሻገር፣” አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ “ከሁለት አንዱን መክፈል አለብን። ቤቱን እንክፈል ወይስ ልጆቹን?”

በማግሥቱ አባቴ መጥረቢያ ይዞ ወጣ፤ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለውን የባሕር ዛፍ አጥር ሰው በሚያሳልፍ ልክ ሲከፍተው አየሁት። እንጨቱን አልጣለውም፤ ለማገዶ ከመረው።

ቤታችን ከደሴ ተዛውረው ለመጡ አስተማሪና ሚስቱ ተከራየ። እኛ በእትየ ላቀች አዳራሽ በመጋረጃ ተከፍለን ገባን። ለእኔ ዓለም ነበር! ከትርንጎ ጋር በአንድ ፍራሽ እየተኛን፣ ጭቅጭቃችንና ምስጢራችን አንድ ላይ ሆነ። ለአባቴ ግን ከብዶት ነበር። የተቀደደውን ጣሪያ ጠገነ፤ ማገሩን ማገረ፤ ያ ሲያልቅ እንደገና ተቀመጠ። ገበታ ሲቀርብ “በልቻለሁ” ይላል፤ የት እንደበላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህን ያዩት ዓይናቸው የደከመው የኔታ ናቸው። አንድ ቀን ጠሩት። “ተሻገር፣ ልጄ፣ ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን መሳም አምሮኛል፤ መንገዱ ግን ጠፋኝ። ዓይን ትሆነኛለህ?” አሉት። የኔታ ያን መንገድ በጨለማ እንኳ እንደማይስቱት ሁላችንም እናውቃለን። አባቴም ያውቃል። ግን ለሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ በየማለዳው ክንዳቸውን ይዞ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸው ጀመር። መልስ ላይ ተሳላሚዎችን ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ከቆሙበት ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ። አንድ ማለዳ የአንዱ ጀልባ ሞተር አልነሳ ብሎ ባለቤቱ ገመዱን ቢጎትት ቢጎትት አቃተው። የኔታ፣ “ወዳጄ፣ ይኼ አጠገቤ ያለው ሰው ብረት ያክማል” አሉ። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ቤት ሲመጣ እጁ በዘይት ጠቁሮ ነበር፤ እናቴም የሚታጠብበትን ውኃ ስታፈስለት ዘይቱን አሸተተችና እንባዋ መጣ። በክንዷ ጠረገችው። አባቴ የዚያን ዕለት “በልቻለሁ” አላለም።

ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ባልትና ጀመሩ። የወር ደሞዝ ለሚያገኙ፣ ጊዜ ግን ለሌላቸው የቢሮ ሴቶች በርበሬና ሽሮ ያዘጋጃሉ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሁሉ በቀይ በርበሬ ተነጠፈ። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ እንቀነጥሳለን፤ በዚያው እጃችን ዓይናችንን እናሽና ጩኸት ይሆናል፤ የኔታ በሳል መሐል፣ “ይኼስ ከዕጣን ይበረታል!” ይላሉ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ የተቆላው ነጭ ሽንኩርት ሽታ ደብተራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበርና አስተማሪያችን የእኔንና የትርንጎን ደብተር ሳያዩ በሽታው ይለዩት ነበር። እቃ እቃ ስንጫወት እንኳ የእኛ ቤት ሁለት እናት ነበረው፤ ሌሎቹ ልጆች “አይሆንም!” ሲሉን እንጣላለን።

በርበሬው ሊያልቅ ሲል አክስቴ ከዱርቤቴ መጡ፤ ሳይጠሩ፤ ሁለት ኬሻ ዛላ በርበሬ አስጭነው። ኩርፊያቸው ገና አልወጣላቸውም ነበር። ደጃፍ ቆመው ግቢውን አዩት፤ የሚቀነጥሱትን ልጆች፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ወንድማቸውን፣ የተከፈተውን አጥር። “ልጅቱን ከለከልሽኝ፤ በርበሬውንስ አትከለክይኝም” አሏት እናቴን። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር መቀንጠስ ያዙ።

እንዲህ ሆነን ክረምቱ ተመልሶ እስኪመጣ ኖርን። በኋላ ፋብሪካው ጥጥ አገኘና አባቴን ጠራው፤ አስተማሪውና ሚስቱም ሌላ ቤት አገኙ። ወደ ራሳችን ቤት ተመለስን። የመጀመሪያዋ ዕለት ራት ላይ አራታችን ብቻ ተቀመጥን። ሽሮው ወፍራም ነበር። አባቴ ሁለቴ ጎርሶ ቆመ፤ “ምነው፣ ጨው አነሰው እንዴ?” አለ። እናቴ ቀመሰች።

“ጨው አይደለም” አለችው። “ሰው ነው ያነሰው።”

ዛሬ የኔታም አባቴም የሉም፤ እትየ ላቀችም ዐርፋለች። ትርንጎ አንበሳሜ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ በስልክ እንገናኛለን። እኔ ዘንዘልማ በኩል ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ኑሮው ዛሬም ከብዷል። ባለቤቴ ከቢሮ መልስ ያስጠናል፤ እኔ ቅዳሜና እሑድ በሰው ተራ ተተክቼ እሠራለሁ፤ ዘይቱን በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ ነው የምንለካው። ግን ሁላችንም ችግራችንን በየግቢያችን ቆልፈንበት ነው የምንኖረው። የሌላውን ቤት የምናውቀው በመኪናው ጥሩምባ ወይም በውሻው ድምፅ ነው።

ባለፈው ሰሞን እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሰነበተች። አርጅታለች፤ ምርኩዝ ይዛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ “የጎንሽ ጎረቤት ማን ትባላለች?” አለችኝ።

“አላውቃትም እማዬ። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች።”

“ስንት ጊዜሽ ነው እዚህ?”

እናቴ ምርኩዟን አነሳችና ወጣች። ደክሞሻል ተቀመጪ ብላት አልሰማችኝም። ከግንቡ ማዶ የጎረቤቴን የብረት በር በምርኩዟ ስትመታ፣ ቀጥሎም በዚያ በማውቀው ድምፅዋ፣ “ቤቶች! ደህና ዋላችሁ ቤቶች?” ስትል ሰማኋት። በሩ ቶሎ አልተከፈተም። እናቴ ግን አልተመለሰችም፤ ደግማ ጠራች። ቆይቶ መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ሰማሁ፤ አንዲት የሴት ድምፅ፣ የደነገጠች፣ ምናልባትም ሰው የናፈቃት፣ “ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ” አለች።

እኔም ነጠላዬን አነሳሁና ተከተልኋት።