ሳይወርድ ያለፈው

አቶ ዘገዬን ከወለንጪቲ ሰው ጋር ያጣላቸው ነገር ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ከግማሽ በላይ የመውረድና ያለመውረድ ጉዳይ ነው። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ይወርዳል፤ ለቅሶ ሲያይ ይወርዳል፤ ታቦት ሲያይማ ማንም አይነግረውም። ይህን የተማሩት ከአባታቸው አለንጋ ነው። ልጅ ሳሉ በቅሎ ውኃ ሊያጠጡ ሲሄዱ የቤቱን ነፍስ አባት አግኝተው ከኮርቻው ላይ ሆነው «እንደምን አደሩ» በማለታቸው ስንት ቀን በሆዳቸው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳይወርዱ ያለፉበት ቀን የለም። በወሰን ዕድሜ ልኩን ሲከሳቸው የኖረ ሰው ሞቶ አስከሬኑ ሲያልፍ እንኳ ጭቃው ውስጥ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ማንም ሳይጠይቃቸውም ይህንኑ ያወሩታል።

የቤት ውስጡም ሕግ ያው ነው። እሳቸው ሲገቡ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው እጃቸውን ወደ ታች ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ይቀመጣል። ለዕርቅ በሚጠሩበት ቤትም እንዲሁ። በወለንጪቲ ዙሪያ ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር አስታርቀዋል። የበደለው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ላይ እስኪንበረከክ ድረስ ግን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «ተሸከም» ማለት ያውቁበታል።

ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም። ሚስታቸው በሞተች ጊዜ ሌላ አላገቡም፤ ሰብለወንጌልን ጎረቤት እየሳቀባቸው ፀጉሯን ራሳቸው እየሠሩ አሳደጉ። ያቺ ልጅ ተምራ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆነች። ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም የእኔ የሚሉት ሰው የላቸውም።

ለፋሲካ ስትመጣ ስልኳን ከፍታ የአንድ ሰው ፎቶ አሳየቻቸው። ዘካርያስ ይባላል፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። «እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ አባዬ። ከዚያ በፊት ግን ይምጡና ይዩት። እሺ ካላሉ አላገባውም።»

«ለምን እሱ አይመጣም?»

«ከተማውንም እንዲያዩልኝ ብዬ ነው። አዳማ አሁን ሌላ ሆናለች። የብስክሌት መንገድ ለብቻው ተሠርቷል፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው።»

«ብስክሌት በቅሎ ያጣ ሰው የሚነዳው ነገር ነው፤» አሉ አቶ ዘገዬ። ግን እሺ አሉ።

አዳማ ገና ከሚኒባስ ሲወርዱ አስጠላቻቸው። ነፋሱ አቧራውን ዓይናቸው ውስጥ ሞጀረው፤ ባጃጁ ከግራም ከቀኝም ይጮህባቸዋል። ጥቁሩን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው በዚያ ሙቀት ዩኒቨርሲቲው በር ደረሱ። ልጅቷ «ከበሩ ፊት ለፊት ቡዜ ሻይ ቤት ይጠብቁን» ብላቸዋለች። ከሻይ ቤቱ ፊት ቀለም የተቀባ፣ ልስልስ ያለ መንገድ ነበር፤ ጥላም አለው። መሐሉ ላይ ቆሙ።

ከኋላቸው ደወል አቃጨለ። ሰላም የሚላቸው ሰው መስሏቸው ባርኔጣቸውን ለማንሣት ዞሩ፤ አንዲት ጂንስ የለበሰች ልጅ በብስክሌት አጠገባቸው ሽው ብላ አለፈች። «አባባ፣ የብስክሌት መንገድ ነው፤» አለቻቸው እያለፈች።

«ሰው ከብስክሌት በፊት ነው የተፈጠረው፤» አሉ። የሰማቸው የለም። ሌላው መጣ፤ ደወለ፤ አለፈ። ደግሞ ሌላው። ጆሮው ላይ ገመድ የሰካ፣ ቦርሳ ያዘለ፣ ከፊቱ ሰው የቆመ የማይመስለው ወጣት ሁሉ በኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ባጠገባቸው ይነጉዳል። አንድም የሚወርድ የለም። አቶ ዘገዬ ከመንገዱ ንቅንቅ አላሉም። እልህ ያዛቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አባ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው ሻይ ቤቷ በር ላይ የቆመች ወፍራም ሴት። ቡዜ እሷ ናት። «ከዚያ ይውጡ እንጂ፤ ይገጩዎታል። እንግዳ ነዎት?»

«ነጋ፤ ደህና ነኝ። አዎ፣ እንግዳ ነኝ። ይኼ ሁሉ ልጅ አባት የለውም?»

ቡዜ ሳቀች። «አለው፤ ግን ክፍል ረፍዶበታል። ይግቡና ይቀመጡ፤ ወንበር ተዘጋጅቶ እየጠበቀዎት ነው።» አቶ ዘገዬ ግን ወንበሩን ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቁም። ሳቋ አናዷቸው ነበርና እዚያው ቆሙ።

ዘካርያስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከሩቅ ለዩት፤ ፎቶው ላይ ያለው ፊት ነው። እሱም ለያቸው። ፊቱ ፈካ፤ ቀኝ እጁን ከመሪው አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገና አንገቱን ሰበር አደረገላቸው። ብስክሌቱ ግን አልቆመም። ዳር ዳሩን ይዞ በፊታቸው ማለፍ ጀመረ።

አቶ ዘገዬ ደማቸው ፈላ። ያ ሁሉ መንገደኛ ቢያልፋቸው መንገደኛ ነው። ይኼ ግን ልጃቸውን ሊጠይቅ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ነው፤ አማቱን እያየ፣ እያወቀ፣ ሰው እያየው፣ ኮርቻው ላይ ተጎልቶ ሊያልፋቸው! ዱላቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። ቸርኬው ውስጥ ሰደዱት።

ዱላው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ብስክሌቱ ተገለበጠ፤ ሰውየው በክንዱ ላይ ወደቀ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተሰብስቦ ነበርና አቶ ዘገዬ ያዩት በመጀመሪያ እግሩን ነው፤ በልጅነቱ ልምሻ ያደረቀው፣ እንደ ዱላቸው የቀጠነ፣ ከላይ እስከ ታች ብረት የታሰረበት እግር። ብረቱ ጎብጧል።

ቡዜ ሮጣ መጣች። «ምን አደረጉ? ምን አደረጉ እርስዎ?» ጥቂት ራመድ ብሎ ያለውን ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ በጣቷ አሳየቻቸው። «እዚያ ጋ ነው እኮ የሚወርደው! ያንን ተደግፎ ካልሆነ አይችልም። ሊወርድልዎት ነበር እኮ! አባቷ ይመጣሉ ብሎ ጠዋት መጥቶ ወንበሩን ያዘጋጀው ራሱ ነው።»

ሰው ተሰበሰበ። ብስክሌት ይዞ ያለፈው ሁሉ አሁን ወረደ። አንዱ «እብድ ናቸው እንዴ?» አለ፤ ሌላው «ፖሊስ ጥሩ» አለ። ዘካርያስ ከመሬት ሆኖ «ተዉ፣ አትንኳቸው» ይላል፤ ክንዱን አቅፎ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በዚህ መሐል አቶ ዘገዬ አንድ ነገር መናገር ነበረባቸው፤ ተናገሩም።

«መውረድ ነበረበት፤» አሉ።

ሰብለወንጌል ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከግቢው እየሮጠች ወጣች። መሬት ላይ ተንበርክካ ክንዱን ዳሰሰች፤ በቡዜ ነጠላ አሰረችው፤ ባጃጅ አስጠራች። አባቷ አጠገቧ ቆመዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ባጃጁ ሲሄድ አቶ ዘገዬ ወደ ሻይ ቤቱ ወንበር ተጠጉ። ቡዜ ወንበሩን ከፊታቸው አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችው።

«ይኼ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ነው፤» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ልጃቸው ኪራይ ቤት አዘገሙ። በመንገዱ ዳር ሠራተኞች የተዉት የኮብልስቶን ክምር ነበር። አቶ ዘገዬ ቆም ብለው አዩት። ደንቡን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከዚህ አንዱን አንሥቶ፣ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ደጁ ላይ መንበርከክ ነው። ስንቱን ጎበዝ፣ ስንቱን ባለጸጋ አሸክመዋል። እጃቸው ወደ ድንጋዩ ሄደ። ከኋላቸው የብስክሌት ደወል አቃጨለና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰው አየኝ አላየኝ ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርገው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ገቡና፣

«በእግዜር፣ በእግዜር፤» አሉ፤ እጃቸውንም ወደ ታች አደረጉ።

«ኖር» ያለ ሰው አልነበረም። የተነሣም አልነበረም። ዘካርያስ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሰብለወንጌል አጠገቡ መከዳ ላይ ሆና የጎበጠውን ብረት ይዛለች። ቃሉ ቤቱ መሐል ብቻውን ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«እግሩን ብነግርዎ እግሩን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሰውየውን አስቀድመው እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው።»

«መውረድ እንደማይችል ባውቅማ...»

«ይችላል። እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ትንሽ አልጠበቁም እንጂ ይችላል።»

«ተይ ሰብለ፤ አባት ናቸው፤» አለ ዘካርያስ። በደህና እጁ ወንበሩን ጨብጦ ለመነሣት ታገለ። ለእሳቸው ሊነሣ ነው። ሰብለወንጌል እጇን ትከሻው ላይ ጫነች።

«ተቀመጥ፤» አለችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ዓይኗ ደርቋል። «ዛሬ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት፣ አባዬ።»

ምን እንደጠየቀቻቸው ገብቷቸዋል። ድንጋይ እንኳ አላለቻቸውም፤ «በድያለሁ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ። ይህችን ቃል ከስንቱ አፍ ፈልቅቀው አውጥተዋታል። ከራሳቸው አፍ ግን እንቢ አለቻቸው። በምትኩ የወጣው ሌላ ነው።

«አባት ለልጅ አይንበረከክም።»

«እንግዲያው እሁድ ሽማግሌ አይጠብቁ፤» አለችና ብረቱን ማቅናቷን ቀጠለች።

እሁድ ግን ጠበቁ። ግቢያቸውን አስጠረጉ፤ ወንበር ደረደሩ፤ ኮታቸውን ለብሰው እስኪመሽ በሩን ሲያዩ ዋሉ። ሽማግሌዎቹ አርሲ ነገሌ፣ የሰብለወንጌል እናት ወንድም ዘንድ ሄደው፣ ተከብረው፣ ልጅቷ ተፈቅዳላቸው መመለሳቸውን የሰሙት ማክሰኞ ገበያ ላይ ነው። የነገራቸው ሰው መልካም ወሬ ያመጣ መስሎት «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች» ይባላል። ወለንጪቲ ይህን ተረት በዚያ ሰሞን ደጋግማ ተረተችባቸው።

ሠርጉም አለፈ። አልሄዱም። ተጠርተው ይሁን ሳይጠሩ ዛሬም ድረስ ለማንም አልተናገሩም። ዱላ አልገዙም፤ ሲራመዱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው።

አንድ ቀን ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳለ፣ ጎረቤታቸው መምህር ወዬሳ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብቅ አለ። ወዬሳ ሰፈሩን ያውቃል። አቶ ዘገዬን ገና ከሩቅ ሲያይ ፍሬኑን ያዘ፤ አንድ እግሩን አሻግሮ ለመውረድ ተዘጋጀ።

አቶ ዘገዬ እጃቸውን አወዛወዙ። «አትውረድ፣ ወዬሳ።»

ወዬሳ አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ አንዱ ፔዳሉ ላይ እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆመ። «ምነው አባባ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም፤» አሉ። «ለእኔ ብለህ አትውረድ። ዝም ብለህ እለፍ።»